ከሁሉ ቀድሞ የሚጫነው ማንጎ

ለቅርቡም ለሩቁም፣ ለሚመለከተውም ለማይመለከተውም ይታወቅ ዘንድ ይህ ተጽፏል፦ በያዝነው ዓመት፣ በሚያዝያ ወር ሁለተኛ ሳምንት፣ ከአሶሳ ወደ መንጌ በሚወስደው መንገድ ዳር በምትገኝ አንዲት መንደር፣ ማንጎ ደረሰ።

አምናም በዚሁ ወር ደርሷል። ካቻምናም እንዲሁ። ሆኖም መንደሩ በየዓመቱ እንደ አዲስ ይደነግጣል። አንድ ማለዳ ሰው ከቤቱ ብቅ ሲል ቅርንጫፉ ጎንበስ ብሎ፣ ፍየሎቹም በልተው ጠግበው ከዛፉ ሥር ተጋድመው ያገኛል። ከዚያ በኋላ ሁሉም በአንድ ቀን ያወርዳል፣ ሁሉም በአንድ ቀን በማዳበሪያ ጆንያ ይሞላል፣ ሁሉም አህያውን ጭኖ መኪና ወደሚቆምበት ትልቅ ዛፍ ይነዳል።

ዘንድሮ ግን ከድንጋጤው ሌላ ጭንቀትም ነበር። ጭንቀቱን የተሸከሙት የመንደሩ ታላቅ ሰው አቶ ኻሚስ ናቸው። ወደዚያ መንገድ ደፍሮ የሚገባው መኪና አንድ ብቻ ነው፤ የደባልቄ አይሱዙ። ያንን መኪና ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ለምነው ያመጡት ደግሞ አቶ ኻሚስ ነበሩ። ባለፈው ቅዳሜ ደባልቄ ኮፍያውን አውልቆ በትሕትና እንዲህ አላቸው።

«ጋሼ ኻሚስ፣ አክብሬዎት ነው የምናገረው። ጠዋት በሁለት ሰዓት ደረስኩ፤ ይኸው ተጭኜ ልወጣ አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። ለመጪው ቅዳሜ እመጣለሁ። አምስት ሰዓት ሲል ግን ጎማዬ ይንቀሳቀሳል፤ የተጫነው ተጭኖ፣ የቀረው ቀርቶ። እንደዛሬው ከሆነ ሁለተኛ አያዩኝም። ባምባሲ በቆሎ እጭናለሁ። በቆሎ ማን ይቅደም እያለ አያቆመኝም።»

«ደባልቄ፣ መንገዱ እኮ የትም አይሄድም። ምን ያስቸኩልሃል?» አሉት።

«ማንጎው ነዋ የሚሄደው ጋሼ። ከጆንያው እየፈሰሰ ነው የሚሄደው» አለና ሞተሩን አስነሳ።

በማግስቱ ጎረቤታቸው ዐወድ መጥረቢያውን ስሎ መጣ። መኪና ካልመጣ ማንጎ ለማን ነው፤ ዛፉ ተቆርጦ ከሰል ይሁን፤ ከሰል ቢያንስ አይበሰብስም የሚል ሐሳብ ነበረው። የሚመጣው ቅዳሜ ካልተሳካ እሑድ እንደሚጀመርም አስታወቀ።

«ታዲያ መጥረቢያውን ይዘህ ወደ እኔ ምን አመጣህ?» አሉት አቶ ኻሚስ።

«ሥርዓት ጠብቄ ነው። እርስዎ እያሉ የሌላ ሰው ዛፍ መቁረጥ ነውር ነው። የሚጀመረው ከትልቅ ሰው ዛፍ ነው» አለ ዐወድ፣ አክብሮቱ ከፊቱ ላይ እየተነበበ።

ከቤታቸው ጀርባ ያሉትን አሥራ ሰባት ዛፎች የተከሉት የአቶ ኻሚስ አባት ናቸው። ሽማግሌው ያን ቀን እራት አልበሉም።

ማክሰኞ ጠዋት እንዲሁ ሐሳባቸውን ይዘው ሲንሸራሸሩ፣ መኪናው ከሚቆምበት ዛፍ ሥር አንዲት ወጣት ሴት መሬት ላይ ቁጭ ብላ የለስላሳ ቆርኪ ስትደረድር አዩ። ጠጋ ቢሉ የእኅታቸው ልጅ ሳና ናት። ሳና አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ ዕቃ ከየት ተነሥቶ በምን በኩል የት እንደሚደርስ የሚያጠና፣ ሎጂስቲክስ የተባለ ትምህርት ጨርሳ አምና የተመረቀች ልጅ ናት።

«አሰላሙ ዐለይኩም» አሉ።

«ወዐለይኩሙ ሰላም ኻሊ» አለች ብድግ ብላ። የእናቷ ወንድም ናቸውና ኻሊ ትላቸዋለች።

«ስንት ዓመት ሆነሽ?»

«ሃያ አምስት።»

«በሃያ አምስት ዓመትሽ ቆርኪ።»

«ጨዋታ አይደለም ኻሊ። ሞዴል ይባላል። ትልቁን ነገር አሳንሰው ይሠሩታል፤ ከዚያ በትንሹ ላይ እንደልብ ይሳሳታሉ፤ በትልቁ ላይ እንዳይሳሳቱ። ይኼ ቆርኪ አንድ ጆንያ ማንጎ ነው። ይኼ የሰርዲን ቆርቆሮ ደግሞ የደባልቄ አይሱዙ ነው።»

አቶ ኻሚስ ቆርቆሮውን አንሥተው አሸተቱት።

«ሰርዲኑን ማን በላው?»

«እኔ።»

«እንግዲያው ትምህርቱ ቢያንስ ያበላል» አሉና ተቀመጡ። «ቅዳሜ ዕለት እዚያ ድንጋይ ላይ ሆነሽ ስትጽፊ የዋልሽው ለዚህ ነው? እኔ የከብት ክትባት ዘመቻ መስሎኝ አህያዬን ደብቄ።»

«አህያዎን ፈልጌ አጥቻት ነበር። የመጨረሻው መስመር ላይ ጥያቄ ምልክት አድርጌበታለሁ።»

እዚህ ላይ የመንደሩን የአጫጫን ሥርዓት ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ተገቢ ነው። ጭነት በዕድሜ ነው። የትልቁ ሰው ጆንያ ይቀድማል፤ ቀጥሎ የታናሹ፣ ቀጥሎ የታናሹ ታናሽ፤ የሴቶቹ ከሁሉም በኋላ ይጫናል፤ እንዳይምታታም አፉ በቀይ ጨርቅ ይታሰራል። ሥርዓቱ ያማረ ነው። አንድ እንከን ብቻ አለበት፤ ትልቅ ሰው ቶሎ አይመጣም። ቶሎ ከመጣ ሥራ የፈታ ይመስላል። ስለዚህ መኪናው ተጋምሶ ሳለ አንድ የስድሳ ዓመት ሰው ከተፍ ይላል። ከእርሱ የሚያንሱ ሰዎች ጆንያዎች በሙሉ ይወርዳሉ፣ የእርሱ ይገባል፣ የወረዱት እንደገና ይጫናሉ። ላቡ ሳይደርቅ የስድሳ ሦስት ዓመት ሰው ይመጣል። አቶ ኻሚስ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው።

ሳና ቆርኪዎቹን እየቆጠረች ወደ ሰርዲኑ ቆርቆሮ አስገባችና አንዱን ቢጫ ቆርኪ ለብቻው አቀበለቻቸው።

«ይኼ እርስዎ ነዎት። በሉ ይምጡ።»

«ለምን ተጣመምኩ?»

«ጠርሙሱ ሲከፈት ነው።»

አቶ ኻሚስ ቢጫውን ቆርኪ በሁለት ጣታቸው ይዘው፣ በራሳቸው አረማመድ፣ ቀስ እያደረጉ ወደ ቆርቆሮው አመጡት። መንገድ ላይ ቆም አሉና አንድ ጠጠር ሰላም አሉ። ከዚያ ቀጠሉ። ቢጫው ቆርኪ ልክ ሲደርስ ሳና ቆርቆሮውን ገልብጣ ያለውን ሁሉ መሬት ላይ ዘረገፈችው።

«ምን መሆንሽ ነው?»

«እርስዎ ደረሱ።»

ሽማግሌው የተዘረገፈውን ቆርኪ አዩ። አንድ አህያ መጥታ ልትቀምሰው ሞከረች፤ አባረሯት።

«ይኼ ነገር ስንት ጊዜ ይደርሳል?»

«ቅዳሜ ብቻ አምስት ጊዜ። ጆንያው ሰማንያ ነው ኻሊ። ጫኝ አውራጆቹ ወደ ላይ ያነሡት ግን ሁለት መቶ ሦስት ጊዜ ነው።»

«ጎረምሶች ናቸው፤ ምን ይሆናሉ።»

«ጎረምሶቹስ ምንም አይሆኑም። ማንጎው ነው የሚሆነው።»

የተማረ ሰው በዚህ ጊዜ ዝም ማለት ይከብደዋል። ሳና ግን ዝም አለች፤ ይህ ከዲግሪዋ ይበልጥ የሚያስመሰግናት ነው። አቶ ኻሚስም «ፀሐዩ በረታ፤ ወደ ቤት እንሂድ» ብለው ተነሡ። ቢጫውን ቆርኪ ኪሳቸው ከተቱት።

ቤት ሲደርሱ ወይዘሮ ዐፊፋ፣ ባለቤታቸው፣ ገንፎና የባሚያ ወጥ አቀረቡላቸውና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። አንድ አሮጌ ቀይ ሻሽ እየተለተሉ የጆንያ ማሰሪያ ያዘጋጃሉ። እሳቸውም ጓሮ ውስጥ የራሳቸው የሆኑ ሦስት ዛፎች አሏቸው።

«ኻሊ፣ አይቀየሙኝና አንድ ነገር ልጠይቅ» አለች ሳና። «የእርስዎ ማንጎ አዲስ አበባ የሚደርሰው እንዴት ሆኖ ነው?»

ይህ የቤቱ ሐዘን ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የአቶ ኻሚስ ማንጎ እንደ ማንጎ የደረሰበት ጊዜ የለም፤ ጭማቂ ሆኖ ነው የሚደርሰው። መጀመሪያ ጥፋቱ የመንገዱ ነው ተባለ። ቀጥሎ የደባልቄ ፍሬን አያያዝ ነው ተባለ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ሌላ ምክንያት ተገኝቷል።

«የሰው ዓይን ነው» አሉ ሽማግሌው።

«ስንት ኪሎ ይሆናል?»

«ዓይን በኪሎ ይመዘናል እንዴ?»

«ይኼኛው ይመዘናል። የእርስዎ ጆንያ ቀድሞ ስለሚገባ የመጨረሻው ሥር ነው። በላዩ ላይ አምስት ጆንያ ይደረደራል። አንዱ ሃምሳ ኪሎ ነው።»

«በእኔ ላይ ያለው የመንደሩ ክብር ነው።»

«አዎ ኻሊ። ሁለት መቶ ሃምሳ ኪሎ ክብር።»

ወይዘሮ ዐፊፋ ሻሹን በጥርሳቸው ይዘው ጨርር አድርገው ቀደዱት።

«ደባልቄንም በስልክ ጠይቄዋለሁ» አለች ሳና። «ምንም ሳይሆን የሚደርሰው የትኛው ነው ስለው፣ አፉ በቀይ የታሰረው ነው አለኝ። ሁልጊዜ።»

«የሴቶቹ ጥቂት ነው፤ ጥቂት ነገር ደግሞ ዕድል ይቀናዋል» አሉ አቶ ኻሚስ፣ ገንፏቸውን እያበጁ። «ስሚኝ ልጄ። ያልሽው በቆርኪ ትክክል ይሆናል። ቆርኪ ግን አባት የለውም። ቆርኪ በሠርግ ላይ አጠገብሽ አይቀመጥም። አንዱን ቆርኪ ከሌላው ብታስቀድሚ ዓመት ሙሉ ሰላምታ አይነፍግሽም። አንቺ ያልቆጠርሽው የሰውን ሆድ ነው።»

ሳና ማስታወሻ ደብተሯን ገለጠች።

«እሱም ገብቷል። ቅያሜን በደቂቃ አስገብቼዋለሁ። ለአንድ ሰው አሥር ደቂቃ።»

«የእኔ ቅያሜ አሥር ደቂቃ?»

«የእርስዎ ሃያ ነው።»

አቶ ኻሚስን ቅር ያሰኛቸው ነገር ትንሽ ለዘብ አለ። ይህ ሃያ ደቂቃ እርግጥ በዚያች ቅጽበት የተፈጠረ ነበር፤ በደብተሩ ላይ የተጻፈው የባጃጅ ነጂ ስልክ ቁጥር ነው። ነገር ግን ሞዴል የሚሠራ ሰው የማያውቀውንም እንደሚያውቅ ሆኖ መናገር አለበት፤ አለዚያ ማንም አይሰማውም።

«እሺ፤ የአንቺ ሥርዓት ምን ይላል?»

«ሁሉም በሁለት ሰዓት ይገኝ። መሬት ላይ በሦስት እንለየው፤ ድንጋይ የሚመስለው ጠንካራ፣ መካከለኛው፣ የበሰለው። ጠንካራው ይቅደምና ከሥር ይሁን፤ ክብደት ይችላል። የበሰለው ይከተልና ከላይ ይሁን። የሰውን ዕድሜ ትተን የማንጎውን ዕድሜ እንይ። አንድ ጆንያ የሚነሣው አንድ ጊዜ ነው። ሰማንያ ጆንያ ሁለት ሰዓት አይፈጅም። ደባልቄ ከአምስት ሰዓት በፊት ይወጣል። አንድ ሰዓት እንዲያውም ይተርፈናል።»

«በአባቴ ጊዜ ያልነበረ ነገር ነው።»

«በአባትዎ ጊዜ አይሱዙ ነበር?»

«አልነበረም።»

«ታዲያ እሳቸው ለአይሱዙ ሥርዓት እንዴት ይተዉልናል? የተዉልን ዛፉን ነው። ዐወድ ደግሞ እሑድ በዕድሜ ቅደም ተከተል ሊጀምር ነው።»

አቶ ኻሚስ በበሩ በኩል ዛፎቹን አዩ። ሦስተኛው ዛፍ ላይ፣ ልጅ ሳሉ ወድቀው ክንዳቸው የተሰበረበት ቅርንጫፍ አሁንም አለ። ከኪሳቸው ቢጫውን ቆርኪ አወጡ፤ ገንፎው አጠገብ አኖሩት። ከዚያ አንድ ጣታቸውን ከላዩ ጫን አደረጉበት።

«ከሥር ሆኖ መከበር» አሉ በመጨረሻ፣ «ለካስ ትንፋሽ ያሳጥራል።»

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ መንደሩ ከትልቁ ዛፍ ሥር ተሰበሰበ። አቶ ኻሚስ በትራቸውን ተደግፈው የተናገሩት ንግግር እስከ ዛሬ ይነሣል።

«ወንድሞቼ» አሉ፣ «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ጆንያ ሦስት ጊዜ እያነሣን ማንጎውን በገዛ እጃችን ቀጠቀጥን። ጥፋቱን ለመንገድ ሰጠን፣ ለዓይን ሰጠን። ከነገ ጀምሮ ጠንካራው ከሥር፣ የበሰለው ከላይ ነው። በዚህ ምን እናገኛለን? ማንጎው ሙሉ ሆኖ ይደርሳል። የልጆቻችን ወገብ ያርፋል። ሰው ፀሐይ ላይ ቆሞ አይውልም፤ ጧት ጭኖ ከሰዓት ማሳው ይገባል። ደባልቄ በሰዓቱ ከወጣ በሳምንት አንዴ መምጣቱ ቀርቶ ሁለቴ እመጣለሁ ብሎ በስልክ ነግሮናል፤ ያኔ ሁላችንም በአንድ ቀን ማውረዳችን ይቀራል። የዐወድ መጥረቢያም ወደ ማገዶው ይመለሳል። እኔ ታላቃችሁ ነኝ፤ መቅደምም መከተልም ለእኔ አንድ ነው። ክብር በሰው እንጂ በጆንያ አይደለም።»

ሁሉም ተስማማ። ዐወድ ተነሥቶ፣ ይህ ሐሳብ ድሮም በልቡ እንደነበረና ለትልቅ ሰው ክብር ሲል ዝም እንዳለ አስረዳ። ሌሎችም ድሮም እንደሚያውቁት ተናገሩ። በስብሰባው ላይ አዲስ ነገር የሰማ አንድም ሰው አልተገኘም። ሴቶቹ ከኋላ ተቀምጠው አዳመጡ።

ቅዳሜ በሁለት ሰዓት አይሱዙው ሲደርስ መንደሩ ሙሉ በሙሉ ተሰልፎ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም። አቶ ኻሚስ ራሳቸው ከሩብ ሰዓት በፊት ነው የደረሱት፤ አህያቸውም አልተደበቀችም። ሳና በደስታ ደብተሯን ዘርግታ ተጣራች።

«ጠንካራ ማንጎ ያላችሁ ቅደሙ!»

ማንም አልተንቀሳቀሰም።

«ድንጋይ የሚመስል፣ አረንጓዴ፣ ከሥር የሚሆን» ብላ አብራራች።

ሰው ሁሉ የየራሱን ጆንያ ተመለከተ። ዐወድ ጆንያውን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ «የእኔ እንኳ በስሏል፤ ሌሊቱን ነው የበሰለው» አለ። የጎረቤቱም በዚያው ሌሊት በስሎ ኖሯል። እስከ ሰልፉ መጨረሻ ድረስ ያልበሰለ አልነበረም። ዐወድ ጎረቤቱን በክንዱ ይዞ «አንተ ታላቄ ነህ፤ ቅደም» አለው። «የለም፣ አንተ እንግዳ አለብህ፤ አንተ ቅደም» አለው ጎረቤቱ። መከባበሩ በሰልፉ ላይ ወዲያና ወዲህ ተመላለሰ። ጫኝ አውራጆቹ እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ። ሳና በደብተሯ ውስጥ እንዲህ ላለው ነገር የተመደበ ደቂቃ ፈለገች፤ አላገኘችም።

ደባልቄ ከጋቢናው አንገቱን አወጣ። «ሦስት ሰዓት ሆነ» አለ። «ሁለት ሰዓት ቀራችሁ።»

ሁሉም ወደ አቶ ኻሚስ ዞረ። አቶ ኻሚስ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ። የአባታቸው ዛፎች ከዚያ ቦታ ሆነው ይታዩአቸዋል፤ የዐወድ መጥረቢያም ከአህያው ጭነት ጎን ተሰክቶ ይታያል።

«ወንድሞቼ፣ ዘመኑ የሴቶች ነው» አሉ። «አሥራ አንድ ዓመት ከኋላ አስቀረናቸው። ዛሬ ሴቶች ይቅደሙ።»

ወንዶቹ በአንድ ድምፅ ደገፉ። የሴቶች መብት በዚያች መንደር እንደዚያ ዕለት ተከብሮ አያውቅም። ሁለት ሰዎች ቀይ ማሰሪያ ያለውን ጆንያ ሊያግዙ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

ወይዘሮ ዐፊፋ ከሴቶቹ መካከል ቀስ ብለው ወጡ። አንገታቸውን ደፋ አድርገዋል።

«አላህ ያክብራችሁ» አሉ። «እኛ ግን ይህን አልለመድነውም። ቦታችንን እናውቃለን፤ ከኋላ ነን።»

«ዛሬ ይቅርብሽ የሪም እናት» አሉ አቶ ኻሚስ፣ ሚስታቸውን በልጃቸው ስም እየጠሩ።

«አይሆንም የሪም አባት። ነውር ነው።»

ይህን ብለው የራሳቸውን ጆንያ ቀይ ማሰሪያ ፈቱና አፉን ከፈት አድርገው ለሳና አሳዩአት። ማንጎው ወርቅ የመሰለ፣ ዛፉ ላይ በስሎ የወረደ፣ ሽታው አህዮቹን ሳይቀር ያዞረ ነበር። ሳና የሚቀጥለውን ጆንያ አየች፤ እንደዚያው ነው። የሚቀጥለውንም አየች። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ከሴቶቹ አንዷም ጥሬ ማንጎ ያወረደች አይመስልም፤ ከላይ እንደሚጫን ያወቀ ሰው ጥሬ ለምን ያወርዳል። ሳና ደብተሯን ቀስ ብላ ከደነች።

ወይዘሮ ዐፊፋ በዚሁ አላበቁም። ጆንያቸውን መልሰው በቀዩ አሰሩና ወደ ባላቸው አህያ ሄዱ፤ ከጆንያው አንድ ማንጎ መዘዙ፤ በአክብሮት፣ በሁለት እጃቸው፣ የአይሱዙው ብረት ወለል ላይ ለቀቁት።

ቋ አለ። አንዴ ነጠረና እየተንከባለለ ሄዶ ጥግ ያዘ።

ማንም አልሳቀም። ደባልቄ ብቻ ጋቢናው ውስጥ አሳለው። አቶ ኻሚስ በትራቸውን ለዐወድ አስያዙ፤ ጆንያቸውን ራሳቸው እየጎተቱ ወደ መኪናው አመጡና እያለከለኩ «ከሥር» አሉ ለጫኝ አውራጁ። ዐወድ በትሩን ጎማው ላይ አስደግፎ ወደ ጆንያው ዞረ። ከዚያ የእርሱም ማንጎ፣ ነገሩን ደግሞ ሲያየው፣ ጠንካራ ሆኖ ተገኘ። የጎረቤቱም እንዲሁ ሆነ። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ በኋላ አንድም ጆንያ ሁለት ጊዜ አልተነሣም።

አምስት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው የአይሱዙው ጎማ ተንቀሳቀሰ። ወንዶቹ መንገድ ዳር ቆመው፣ መኪናው ወደ አሶሳ አቅጣጫ በአቧራው ውስጥ እየራቀ ሲሄድ ከኋላው አዩት። ከጭነቱ በላይ፣ ነፋስ እየነካቸው ከሚሄዱት ጆንያዎች መካከል፣ አፉ በቀይ ጨርቅ ያልታሰረ አንድም አልነበረም።